የሚያፍሩበት ብረት

ነቀምቴ የገባሁት በጁኒየር የጄሶ ቴክኒሻንነት ተመድቤ ነው። የሰሜን ሸዋ ልጅ ነኝ፤ ኦሮምኛ አንዲት ቃል አላውቅም ነበር። የሆስፒታሉን ስም ትቼዋለሁ፤ አብረን የሠራን እናውቀዋለን።

በመጀመሪያው ቀን የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ጫልቱ ጋወን አልብሳ ባልዲ አስያዘችኝ። "ውሃው ለብ ያለ ይሁን። ከሞቀ ጄሶው እጅህ ላይ ይደርቅብሃል፣ ከቀዘቀዘ ደግሞ እስኪይዝ ድረስ ሕፃኑ በለቅሶ ይሞታል" አለችኝ። ሞልቼ ስመለስ አንዲት እናት በጋቢ የተጠቀለለ ልጅ ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። "ሙጫ ኮ ና ኢላላ" አለችኝ። እኔ በአማርኛ ነዋ የሰማሁት። "እናቴ፣ እኛ ሙጫ አንጠቀምም፤ ጄሶ ነው" አልኳት በትህትና። ሲስተር ጫልቱ ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች። ለካ ሙጫ በኦሮምኛ ልጅ ማለት ነው፤ ሴትየዋ "ልጄን እዩልኝ" ነው ያለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ "ጌታሁን ሙጫ" ሆኜ ቀረሁ፤ ጡረታ ስወጣም የሸኙኝ በዚሁ ስም ነው።

ጋቢው ሲገለጥ ግን ሳቁ ቆመ። የሕፃኑ ሁለት እግሮች ወደ ውስጥ ዞረው ውስጥ እግሮቹ ይተያያሉ። እናትየዋ ልጁን ሳይሆን እኛን ነበር የምታየው፣ ፊታችን ምን እንደሚል ለማወቅ። ሲስተር ጫልቱ እግሩን በእጇ ይዛ "ቆልማማ እግር ነው፣ ይቀናል" አለቻት በኦሮምኛ። ሴትየዋ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከወለደች ጀምሮ እንዲህ ያላት ሰው አልነበረም።

ሥራው ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። በሁለት ሰው ይሠራል፤ አንዱ እግሩን ይይዛል፣ አንዱ ይጠቀልላል። መጀመሪያ ስስ ጥጥ፣ ከዚያ ጄሶ፣ ከጣት ተነስቶ ጉልበትን አጥፎ እስከ ጭን ድረስ። እግሩ ቀስ ተብሎ ወደ ውጭ ይመለሳል እንጂ አይገደድም። በሳምንቱ ይፈታል፣ ትንሽ ተመልሶ እንደገና ይታሰራል። በመጨረሻ ሐኪሙ ከተረከዝ በላይ ያለውን ጅማት በትንሽ ምላጭ ይቆርጥና የመጨረሻው ጄሶ ይታሰራል። እሱ ሲፈታ ጫማና ብረት ይሰጣል። ሁለት ትንንሽ ጫማዎች ናቸው፣ በአንድ የብረት ዘንግ ጫፍና ጫፍ የተያያዙ። ልጁ መጀመሪያ ቀንና ሌሊት፣ ኋላ ሲተኛ ብቻ፣ አራት ዓመት እስኪሞላው ያደርገዋል። ጫማው ተረከዙ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለው፤ ተረከዙ ቁጭ ማለቱ የሚታየው በእሱ ነው። ብረቱን የተወ ልጅ እግሩ ያገረሽበታል።

ይህን ሁሉ ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ያልተማርኩት የሰውን ነገር ነው። አማቷ "እባብ ረግጣ ነው" ብላ ዕቃ የለየችባት አራስ አይቻለሁ። እንግዳ ሲመጣ ልጁን ከጎተራው ኋላ የሚያስተኛ አባወራ አይቻለሁ። የእኔም አገር ከዚህ አይሻልም። እኔ ባደግሁበት ቀዬ እንዲህ ያለ ልጅ ሲወለድ "የእናቱ ኃጢአት ነው" ይባላል፤ የአባትየውን ኃጢአት የጠየቀ ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" የሚለውን ተረት ዕድር ላይ የማይተርት የለም። ያው ሰው ቤቱ ሲገባ ግን ልጁን ጓዳ ይዘጋበታል። ይህን ስጽፍ አሁንም ደሜ ይፈላል።

መናኸሪያው በር ላይ የሚቀመጥ አንድ ጎልማሳ ነበር። ከተወለደ ጀምሮ የተቆለመሙ እግሮቹን ማንም አላሳከመለትም። ጠዋት ታላቅ ወንድሙ በጋሪ አምጥቶ ያስቀምጠዋል፣ ማታ ይሰበስበዋል፣ የለመነውንም ይወስዳል። አንድ ቅዳሜ ከሲስተር ጫልቱ ጋር ሄደን "ለቀዶ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ እናስጽፍልህ" አልነው። ፊቱ በራ። ወንድምየው ከሻይ ቤት እየሮጠ መጣ።

"ከዳነ ምን ሊበላ ነው?" አለን።

"አንተ ምን ልትበላ ነው ማለትህ ነው?" አለችው ሲስተር ጫልቱ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሰውየው ከቦታው የለም። ወደ ጊምቢ ወስዶታል አሉን። ጊምቢ ላሉ ባልደረቦቻችን ደውለን ብናፈላልግም አላገኘነውም።

እንግዲህ ዋናው ነገሬ ከብዙ ዓመት በኋላ የመጣችው የሲፈን ነው።

ለሊሴ የምትባል ወጣት እናት ሲፈንን ከጉቴ አዝላ ስታመጣት ልጅቷ ገና የሳምንታት ዕድሜ ነበራት። ባሏ ገመቹ ነቀምቴ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። ልጅቷ ስትወለድ እናቱ እግሯን አይተው "ሰኚ ኬኛ ኬሳ ሂን ጂሩ" አሉ፤ በዘራችን የለም ማለታቸው ነው። ይህች ንግግር ቀላል እንዳትመስላችሁ። ገመቹ ያላገባች እህት አለችው። ሽማግሌ የሚልክ ቤተሰብ አስቀድሞ ዘር ያጣራል። በነሱ ቤት እንዲህ ያለ ልጅ ተወለደ ከተባለ በራቸውን የሚያንኳኳ አይኖርም። ስለዚህ ጥፋቱ ለለሊሴ ዘር ተሰጠ። ገመቹ ሚስቱን ከነልጇ እናቷ ቤት ጉቴ መልሶ ወደ ባጃጁ ሄደ። ለሊሴ የልጅቷን እግር በስልክ አንስታ "አባቷ ነህ፣ እያት" ብላ ላከችለት። አልመለሰላትም።

ለሊሴ አንድም ሳምንት አልቀረችም። በዝናብ ቀን ጄሶው እንዳይርስ በላስቲክ ጠቅልላ ትመጣለች። የሲፈን እግሮች ቀኑ። ጅማቷ ተቆረጠ፣ ብረቱም ተሰጣት። ዓመት አልፏት መራመድ ስትጀምር ለክትትል መጥታ በጄሶ ክፍላችን ወለል ላይ ከሲስተር ጫልቱ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ሲስተር ጫልቱ ተመላለሰች። "ኦቦ ጌታሁን፣ ብረቱን ሳመጣ ራሷ እግሯን ትዘረጋለች" አለችኝ ለሊሴ። አንዱ የጫማ ማሰሪያ ተበጥሶ ነበር፤ ከአሮጌ ቀበቶዬ ቆርጬ ቡናማ ቆዳ ሰፋሁበት።

እግሩ ሲቀና አባት ተገኘ። ገመቹ ጉቴ ሄዶ ይቅርታ ጠይቆ ሚስቱንና ልጁን እዚሁ ነቀምቴ ጨለለቂ ሰፈር ወደ ተከራየው ቤት አመጣቸው። ለሊሴ ደስታዋን ልትነግረን ሙዝ ይዛ መጣች፣ አብረን በላን። እኛም አባትየውን ከልባችን መረቅነው። ከዚያ በኋላ ከቀጠሮዋ ቀረች። ብንደውል ስልኳ አይሠራም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሲስተር ጫልቱ ፊቷ ጠቁሮ ገባችና ስልኳን ሰጠችኝ። "እየው" አለችኝ። አኖ ከተማ ላይ ትልቅ ድንኳን ተተክሏል። ነቢይ ነኝ የሚል ሱፍ የለበሰ ሰው መድረክ ላይ ቆሟል። ከኋላው ለሊሴ ያነሳችው የሲፈን እግር ፎቶ እንደ በር ተልቆ ተሰቅሏል። ሲፈን ነጭ ቀሚስ ለብሳ መድረኩ ላይ ትራመዳለች። ሕዝቡ ይጮኻል። ገመቹ ማይክ ይዞ "ትናንት በዚህ ሰው ጸሎት ቀናች! ዘራችን ነጻ ወጣ!" ይላል። ስለ ጄሶ አንዲት ቃል የለም። ለሊሴ ሕዝቡ መሐል አንገቷን ደፍታ ትታያለች።

ቀጥሎ ሰውየው ጫማና ብረቱን ከፍ አድርጎ አሳየ። "ይህ የእስራት ሰንሰለት ነው! ይህን ዳግም የሚያስርባት ጌታን ክዷል!" ብሎ መሬት ላይ ወረወረው። ሲወድቅ ቡናማዋን ማሰሪያ አየኋት። ስልኩን ለሲስተር ጫልቱ መለስኩና ወደ ውጭ ወጣሁ፤ እዚያው ብቆይ ልሰብረው ነበር።

ወደ ሥራ አስኪያጁ ሄድን። ቪዲዮውን ቁጭ ብሎ አየው።

"ጋሽ ጌታሁን፣ ከሃይማኖት ጋር አትጋጩ። ነገ እዚህ በር ላይ ሕዝብ ቢሰበሰብብን ማን ይጠየቃል?" አለኝ።

"ልጅቷ እግሯ ሲመለስስ ማን ይጠየቃል?" አልኩት።

"እኛ ሕክምናውን ሰጥተናል፤ ከበር በኋላ የወላጅ ኃላፊነት ነው።"

ሲስተር ጫልቱ ተነሳች። እሷ በቤተክርስቲያኗ መዘምራን ውስጥ ያደገች፣ የጸሎት ሰው ናት። "እኔም እጸልያለሁ። ጸልዬ ነው ጄሶ የማስረው። ይህ ሰውዬ ግን እግዚአብሔር በሰው እጅ የሠራውን ሰርቆ የራሱ ያደርገዋል። ከእሱ ጋር መጋጨት ከሃይማኖት ጋር መጋጨት አይደለም" አለችው። ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ አለብኝ ብሎ ሸኘን።

ከዕቃ ክፍል ሌላ ጫማና ብረት አስፈቅጄ በዚያው ቀን ጨለለቂ ሄድኩ። ገመቹ በር ላይ ባጃጁን ያጥባል። በብብቴ የያዝኩትን ሲያይ በፍጥነት ወደ ውስጥ አስገባኝ፤ ያስቸኮለው ክብሬ አልነበረም፣ ጎረቤት እንዳያይ ነው።

"ኦቦ ጌታሁን፣ እናንተን አመሰግናለሁ። አሁን ግን ተፈውሳለች" አለኝ።

"ማን ፈወሳት?"

በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እውነቱን ነገረኝ። "ታከመች ካልኩ በሽታ ነበረባት ማለት ነው። በሽታው ከየት መጣ ይላሉ። ተፈወሰች ካልኩ ግን አለቀ፣ ጠያቂ የለም። ለእህቴ ሽማግሌ ተልኳል። ብረት ካደረገች ደግሞ አልተፈወሰችም ማለት ነው።"

"ሌሊት ነው እኮ የምታደርገው፣ ማን ያያታል?"

"ቤቱ የኪራይ ነው። ስትገላበጥ ብረቱ ከአልጋው ጋር ይንቋቋል፣ በግድግዳው ይሰማል።"

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። "የእህትህን ሠርግ በዚች ልጅ እግር ላይ ነው የምትደግሰው!" ብዬ ጮህኩበት። እጄን ይዞ በትህትና ወደ በሩ መራኝ። ለሊሴ እስከ አጥሩ ሸኘችኝ። "ብረቱን ካሰርሽባት ወደ እናትሽ ቤት ትመለሻለሽ ብሎኛል" አለችኝ። ጫማውን ልሰጣት ብዘረጋው እጇን ወደ ኋላ አደረገች። በእሷ አልተናደድኩም። አንድ ጊዜ የተባረረች ሴት ናት፤ ጉቴ የተመለሰች ቀን የደረሰባትን እኔ አልኖርኩትም።

ክረምቱ አለፈ። መስቀል ካለፈ በኋላ ሲፈን በእናቷ ጀርባ ወደ ክፍላችን ተመለሰች። አውርዳ ስታቆማት ግራ እግሯ በጠርዙ ነው የሚረግጠው፣ ቀኙም ጀምሮታል። ሲስተር ጫልቱ ጀርባዋን ሰጠችን። ገመቹም ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ አብሮ መጥቷል። እግሩ መዞር ሲጀምር ወደ ነቢዩ ደውሎ ነበር። ስልኩን ያነሳው ረዳት "በቤትህ ኃጢአት ገብቷል፣ ሚስትህን መርምር" ብሎ ዘጋበት። እንግዲህ እዩት! ስትወለድ ጥፋቱ የለሊሴ ነበር፤ ስትድን ምስጋናው የነቢዩ ሆነ፤ ሲያገረሽባት ጥፋቱ ወደ ለሊሴ ተመለሰ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እዚህ ቤት ግን የቆጡን የፈለጉት ሌሎች ናቸው፣ የወደቀው የልጅቷ እግር ነው።

እግሯን ካየን በኋላ ወጥተው የጄሶ ተራቸውን ኮሪደሩ ላይ ይጠብቁ ነበር፤ እኔ በሩ አጠገብ ጄሶ እያዘጋጀሁ ስለሆነ ሁሉንም እሰማለሁ። ከለሊሴ ጎን ከሲቡ ስሬ የመጣች አንዲት እናት ሕፃን ይዛ ተቀምጣለች፣ የመጀመሪያ ቀኗ ነው። ስልኳን አውጥታ ለለሊሴ አሳየቻት።

"ይቺን እያት እስቲ፣ ኦቦሌቲ" አለቻት፤ እህቴ እንደ ማለት ነው። "እግሯ ከልጄ የባሰ ነበር። በአንድ ቀን! ይህ ሰው ተመልሶ ሲመጣ እሱ ጋ ልውሰደው ወይስ በጄሶ ላሰቃየው እያልኩ ልቤ ለሁለት ተከፍሏል።"

ለሊሴ ስልኩን አየች። 

"ይቺ ልጄ ናት" አለች።

ሴትየዋ ሳቀች። ለሊሴ ሲፈንን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጫማዋን አወለቀችላት። "ያቀናት ይህ ክፍል ነው። እኔ ከጉቴ እያዘልኩ በየሳምንቱ አመጣኋት። ብረቷን አስጣሉን፣ ይኸው።" ሴትየዋ ስልኩን አየች፣ እግሩን አየች፣ ከዚያ ቀና ብላ ኮፍያ የደፋውን ሰው አየች።

"ማይኩን የያዘው እሱ አይደለም እንዴ?" አለች ጮክ ብላ።

ኮሪደሩ ሙሉ ዞረ። ገመቹ ወደ መውጫው ሁለት እርምጃ ሄደ። በዚህ ጊዜ ነው እኔ የወጣሁት።

"ገመቹ፣ ግባ። ዛሬ አንተ ነህ የምትይዘው" አልኩት።

እንደ ደንቡ እግር የምንይዘው እኛ ነን፣ ቤተሰብን አናስይዝም። የዚያን ቀን ደንቡን ሻርኩት። እግሩን እኔ ያዝኩ፣ ሲስተር ጫልቱ ትጠቀልላለች፣ ገመቹ ጭኗን እንዲይዝ አደረግሁት። ሲፈን አሁን ሕፃን አይደለችም፣ አፍ ፈትታለች። እርጥቡ ጄሶ ሲነካት አባቷን ቀና ብላ አየችው።

"አኒ ማል ጎዴ?" አለችው። እኔ ምን አደረግሁ?

ሲስተር ጫልቱ እጇ ቆመ። ገመቹ እኔን አየኝ፣ እንድናገርለት።

"አንተን ነው የጠየቀችህ። መልስላት" አልኩት።

 "ሆማ" አላት በመጨረሻ፤ ምንም። ድጋሚ ጠየቀችው፤ ድጋሚ "ሆማ" አላት፣ በዚህ ጊዜ እያለቀሰ ነው። እጁ ሲላላ "አጥብቀህ ያዝ፣ ጄሶው ይሰነጠቃል" አልኩት። አላጽናናሁትም። መጽናናት ያለባት ሌላ ነበረች። ስንጨርስ ከሲቡ ስሬ የመጣችው ሴት ልጇን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ተራዋ ነበርና ገባች።

ለገመቹ እህት የተላኩት ሽማግሌዎች አልተመለሱም። የገመቹ እናት ለሊሴን እስከ ዛሬ አያናግሯትም። ቪዲዮውን ያወረደው የለም። ሲፈን እግሯ በጄሶ ታስሮ እያለቀሰች በነበረችባቸው ሳምንታት ሁሉ በየሰው ስልክ ላይ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ትራመድ ነበር፣ ከሥሩም ሰው አሜን ይጽፍ ነበር። ሰውየው አሁን ሌላ ከተማ ድንኳን ተክሏል፣ የሌላ እናት ልጅ መድረክ ላይ ያቆማል። ይህን ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል።

የሲፈን እግሮች ሁለተኛ ጊዜ ቀኑ። ጫማና ብረቱን የሰጠሁት ለገመቹ ነው። ፊቴ አሳሰርኩት። ተረከዟ አልገባም፣ ፈታሁበት። ደግሞ አሰረ፣ ደግሞ ፈታሁበት። በቀዳዳው አይቶ ተረከዟን ራሱ እስኪያገኘው ድረስ አልለቀቅሁትም።

በጄሶ ክፍል ለምትሠሩ ታናናሾቼ የምነግራችሁ ይህንኑ ነው። ብረቱን ለእናትየዋ ብቻ ሰጥታችሁ አትሸኙ። በቤቱ ውስጥ በብረቱ የሚያፍረው ማን እንደሆነ ጠይቁ። እሱን አስጠሩና በገዛ እጁ አሳስሩት።